የቱርፔይነን ዋጋ

ፊንላንዳዊ ደመወዙን ከሚናገር በእንፋሎት በሚግል ሳውና ውስጥ ካፖርቱን ደርቦ ቢቀመጥ ይመርጣል። ይህን ያህል ምስጢር ጠባቂ የሆነ ሕዝብ ግን በዓመት አንድ ቀን፣ ኅዳር ሲገባ፣ ጉዱ ሁሉ ይዘረገፋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ግብር ቢሮው ማን ስንት እንዳገኘ የሚያሳየውን መዝገብ ለጋዜጠኞች ይከፍትላቸዋል፤ ከዚያማ አገሩ በሙሉ የጎረቤቱን ኪስ ሲዳብስ፣ «እሱ? ከየት አምጥቶ?» ሲል ይውላል። ቀኑንም የቅናት ቀን ይሉታል።

ኢርሜሊ ሃውታላ ይህን ቀን ከገና አስበልጣ ነበር የምትወደው። ዕድሜዋ ስልሳ አንድ ነው፤ በትንሿ የሃውኪኮስኪ ከተማ ጋዜጣ ላይ ስፖርት ስትዘግብ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ያንድ ጎል አግቢ ስም እንኳ ተሳስታ አታውቅም። ይህን የሚናገርላት ሰው ስላልነበረ ራሷው ትናገረው ነበር፤ በተለይ አዲስ ዘጋቢ በተቀጠረ ቁጥር።

የዘንድሮው ቀን ያመጣላት ሲሳይ ደግሞ ሌላ ነው። ዝርዝሩ ገና ከላይ ሲጀምር፣ ከሀብታሞቹ መሀል፣ «ቱርፔይነን ቴሮ፣ የተወለደው 1986፣ ገቢ 290,000 ዩሮ» ይላል። ኢርሜሊ ከወንበሯ ተነስታ መልሳ ተቀመጠች። የከተማውን የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን አጥቂ ቴሮ ቱርፔይነንን የማያውቅ የለም። ስዊዘርላንድ ዘጠኝ ዓመት ተጫውቶ፣ ዋንጫ አንስቶ፣ በሠላሳ አምስት ዓመቱ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ወደ ትውልድ ከተማው የተመለሰ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ያገባው አሥራ አንድ ጎል ብቻ ነበር። ኢርሜሊ አካፈለችው፤ አንዱ ጎል ሃያ ስድስት ሺህ ከሦስት መቶ ምናምን ዩሮ መጣ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ «አንድ ጎል በአንድ መኪና ዋጋ» የሚል ርዕስ ሰጥታ ለቀቀችው።

ከለቀቀችው በኋላ ለወጉ ያህል ደወለችለት።

«ቴሮ፣ ሁለት መቶ ዘጠና ሺህ ታገኛለህ ብዬ ጽፌያለሁ። ምን ትላለህ?»

በስልኩ ወዲያ ማዶ ረጅም ዝምታ ሆነ። ፊንላንድ ውስጥ ዝምታ ነውር ስላልሆነ ኢርሜሊም ዝም ብላ ጠበቀች።

«እስቲ ቁጥሩን ድገሚልኝ» አለ በመጨረሻ።

ደገመችለት።

«ትልቅ ቁጥር ነው» አለና ዘጋው። የክለቡን ሥራ አስኪያጅ ብትጠይቀው ደግሞ በደመወዝ ጉዳይ አስተያየት አንሰጥም አላት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከጋዜጣ የወጣማ አፋፉንም ይሻገራል። ሐሙስ ቀን በየመሥሪያ ቤቱ የአተር ሾርባውን ፊቱ ያስቀመጠ ሁሉ ማንኪያውን አየር ላይ ይዞ ስለ ቴሮ ይከራከር ነበር።

«በዚያ ገንዘብ ሁለት ወጣት አጥቂና አንድ በረኛ ይመጣበታል» ይላል አንዱ።

«የሚከፈለው እኮ ለልምዱ ነው!» ይላል ሌላው።

«ልምድ ጎል አያገባም። ልምድማ አያቴም አለው።»

ቅዳሜ ጨዋታው ላይ ነገሩ ዜማ አወጣ። ቴሮ ያቺን በዱላ የሚገፏትን ጥቁር ክብ ጎማ ባስነጠቀ ቁጥር ደጋፊው «ሁለት መቶ! ዘጠና! ሺህ!» እያለ ጣውላውን በእግሩ ይደልቃል። ሲስት ይደልቃል፣ ሲወድቅ ይደልቃል፤ አንዴማ የጫማውን ክር ሊያጠብቅ ጎንበስ ቢል ደለቁበት። አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ብላ ኢርሜሊ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ቴሮ ያን ቀን ከወትሮው ደረቱን ነፍቶ ይንሸራተት እንደነበር ግን አልጻፈችም። አይታዋለች፤ ስላልገባት ተወችው።

ሰኞ ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

«ቴሮ ቱርፔይነን ነኝ» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

ኢርሜሊ የቴሮን ድምፅ ታውቀዋለች። «አይደለህም» አለችው።

«ነኝ እንጂ! ሽንት ቤት መጣጩ ቴሮ ቱርፔይነን ነኝ፣ ከላይኛው ሐይቅ። አሥራ ሁለት መጣጭ መኪና አለኝ። ያንን ሁለት መቶ ዘጠና ሺህ ያገኘሁት እኔ ነኝ!»

ኢርሜሊ እስክሪብቶዋን አነሳች። «የተወለድከው መቼ ነው?»

«ሰማንያ ስድስት። በዚህ አውራጃ በየሐይቁ ዳር ያለ የበጋ ማረፊያ ቤት ሁሉ ጉድጓዱ የሚመጠጠው በእኔ መኪና ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያ ሽታ ከፀጉሬ አልወጣም። አማቴ እስከ ዛሬ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ ‹ያ አር ተሸካሚ መጣ?› ነው የምትለው። ዘንድሮ ጋዜጣውን በእጇ አስጨብጣታለሁ ብዬ የቅናት ቀንን በጣቴ ስቆጥር ከረምኩ። ገዝቼ ስከፍተው ምን አገኘሁ? ገንዘቤን ባዶ ጎል እንኳ ማግባት ለሚያቅተው ሰውዬ ሰጥተሽዋል!»

«ተሳስቻለሁ» አለች ኢርሜሊ። አፏ ቃሉን ስላልለመደው ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ረቡዕ እርማቱ ይወጣል።»

«ከነፎቶዬ!»

«ከነፎቶህ።»

«መኪናው አጠገብ ቆሜ።»

«መኪናው አጠገብ ቆመህ» አለችና ስልኩን አስቀመጠች።

ዝርዝሩን እንደገና ከፈተችው። ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደረደረ ስለሆነ፣ ያን ዕለት የመጀመሪያውን ቱርፔይነን ስታገኝ ደስታዋ ወደ ታች ማንበቡን አስረስቷት ነበር። አሁን ወረደች። ሐኪሞቹን አለፈች፣ የወረቀት ፋብሪካውን መሐንዲሶች አለፈች፣ መምህራኑን አለፈች፣ 44,100 የሚለው የራሷ ስም ጋ ደረሰች፣ እሱንም አለፈችው። ከዚያ በታች «ቱርፔይነን ቴሮ፣ 1986፣ 38,400» የሚል አገኘች። ለደመወዙ ይመጥናል ወይ ብላ ከተማውን ያነሳሳችበት ሰው ከእሷ አምስት ሺህ ሰባት መቶ ዩሮ ያነሰ ነበር የሚያገኘው። ኢርሜሊ አፈረች። ፊቷ እስኪቀላ፣ አጠገቧ የሚሠራው ወጣት ዘጋቢ «ሙቀቱን ልቀንሰው?» ብሎ እስኪጠይቃት ድረስ አፈረች።

ማክሰኞ ልምምዱ እንዳበቃ ወደ በረዶ አዳራሹ ሄደች። ቴሮን መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘችው፤ እብጠቱን እንዲያበርድለት አንድ ከረጢት በረዶ የሆነ አተር ጉልበቱ ላይ ጭኖ ተቀምጧል።

«ቴሮ፣ ልትሰድበኝ ትችላለህ» አለችው፤ ስህተቷንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትቆራርጥ ነገረችው። ነገ እርማቱ እንደሚወጣም ጨመረችለት።

ቴሮ አልተቆጣም። አተሩን ወደ ግራ ገፋ፣ ወደ ቀኝ ገፋ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሽንት ቤት መጣጩ።»

«እሱ ሰውዬ ዝም ቢል ምናለበት!» ብሎ ተነፈሰ። «ተዪው፣ ኢርሜሊ።»

«ምኑን?»

«እርማቱን ነዋ። አታውጪው።»

«ሕዝቡ እየሰደበህ እኮ ነው!»

«ምን ብሎ ነው የሚሰድበኝ? ሁለት መቶ ዘጠና ሺህ አይገባውም ብሎ! ሁለት መቶ ዘጠና ሺህ የማይገባው ሰው እኮ ትልቅ ሰው ነው። ትናንት ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከዓሣው መደርደሪያ ጋ አስቁሞ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስድብ አወረደብኝ። እያፏጨሁ ነው ቤቴ የገባሁት። ሠላሳ ስምንት ሺህ መሆኑን ሲሰሙ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ‹አይዞህ› ነው የሚሉኝ። ያ በረዶውን የሚያለሰልሰው መኪና ሹፌር እንኳ ይበልጠኛል። ላበድርህ ሊለኝ ይችላል!»

ኢርሜሊ አጠገቡ ተቀመጠች። «ታዲያ ለምንድነው በዚህ ዋጋ የምትጫወተው?»

«ሌላ ማን ይወስደኛል? ክለቡ ያለን ይኸው ነው አለ፣ እኔም እሺ አልኩ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በነፃም እጫወት ነበር። ይህንን ደግሞ እንዳትጽፊው።»

«እኔ እንኳ እበልጥሃለሁ» አለች ኢርሜሊ። መናገር ስላለባት ነው የተናገረችው። «አርባ አራት ሺህ ነው የማገኘው።»

ቴሮ ከላይ እስከ ታች አያት። «ስንት ጎል አገባሽ?»

ሳቋ ሳትፈልገው አመለጣት፤ እሱም ሳቀ። ግን ሳቁ ቶሎ አለቀና የሁለቱም ዓይን አተሩ ላይ ቀረ።

«እርማቱ የዚያኛውም ሰውዬ ክብር ነው» አለች። «ይህቺን ቀን አሥራ አራት ዓመት ጠብቋታል። እርማቱን ባላወጣ ገንዘቡን የሰረቅኩት እኔ ነኝ። የሰው ወርቅ ደግሞ አያደምቅም፣ ቴሮ።»

«ስድስት ቀን አድምቆኝ ነበር» አለ ቴሮ። አተሩን ይዞ ተነሳና እያነከሰ ወደ መታጠቢያው ገባ።

ረቡዕ እርማቱ ወጣ። ሽንት ቤት መጣጩ ቴሮ ቱርፔይነን እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ በታጠበ መኪናው ፊት ቆሞ፣ ሙሉ ገጽ ያዘ። ከሰዓት በኋላ ደውሎ አማቱ በስሙ እንደጠራችው፣ ቀጥላም ገንዘብ እንዲያበድራት እንደጠየቀችው ነገራት፤ ደስታውም ብስጭቱም እኩል ይሰማ ነበር። ከገጹ ግርጌ ደግሞ አጥቂው ቴሮ ቱርፔይነን 38,400 ዩሮ እንደሚያገኝና ስህተቱ የኢርሜሊ ሃውታላ እንደሆነ ተጽፏል። ስሟ በትልቁ ይጻፍ ብላ ራሷ ነበረች አዘጋጁን የለመነችው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ቋሊማውና ሰናፍጩ እንደ ወትሮው ይሸታል፣ ከበሮውም ነበር። ጨዋታው በተጀመረ በአራተኛው ደቂቃ ቴሮ ጎማዋን ከግድግዳው ሥር አስነጠቀ። ኢርሜሊ ድለቃውን ጠበቀች። ድለቃ የለም። በእሱ ፋንታ ከአንድ ጥግ ጭብጨባ ተሰማ፤ ለስለስ ያለ፣ የታመመ ሰው ሲጠየቅ ዓይነት ጭብጨባ።

«አይዞህ፣ ቴሮ!» አለች አንዲት ሴት።

«በዚያ በታመመ ጉልበቱ እኮ ነው፣ ሞክሯል» አለ ከኋላዋ ያለው።

ሁለተኛ ጊዜ አስነጠቀ፤ አሁን ሙሉው አዳራሽ አጨበጨበ። በሦስተኛው ሲወድቅ አንድ ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ። ኢርሜሊ የቴሮን ጀርባ ታይ ነበር። ያ ባለፈው ሳምንት ቀጥ ብሎ የነበረ ጀርባ በእያንዳንዱ ጭብጨባ ይጎብጣል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ወደ ጎማዋ መጠጋቱንም ተወ፤ ካልተጠጋ አያስነጥቅም፣ ካላስነጠቀም አያዝኑለትም። ሰው ቢሰድበው ይህን ያህል አይሆንም ነበር። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ ብላ አሰበች፤ እውነቱን ጽፌ ሰውዬውን ገደልኩት።

በዚያው ቅጽበት ጎማዋ ራሷ ተንሸራታ የቴሮ ዱላ ላይ አረፈች። በረኛው ተዘናግቷል፣ ጎሉ ከፊቱ ነው። ቴሮ መታ። ጎማዋ ከጎሉ በላይ፣ ከመረቡ በላይ በርራ ወደ ተመልካቹ ገባች። አዳራሹ ለማዘን እጁን አነሳ።

ጋዜጠኛ ከተመደበለት ወንበር ላይ ሆኖ አይጮህም። አያጨበጭብም፣ አይሰድብም፤ ይህ ሕግ በየትኛውም የሆኪ አዳራሽ ያለ ነው፣ ኢርሜሊም ለስንቱ ወጣት ዘጋቢ አስተምራዋለች። አሁን ግን ተነስታ ቆመች፣ ሁለት እጇን አፏ ዙሪያ አደረገች፣ በስልሳ አንድ ዓመት ሳንባዋ ጮኸች።

«ቱርፔይነን! ለዚህማ ሠላሳ ስምንት ሺህም በዝቶብሃል!»

ለማዘን የተነሳው እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። አጠገቧ የተቀመጠው የሬዲዮ ሰውዬ ማይክሮፎኑን በእጁ ሸፈነ። ኢርሜሊ ግን አልተቀመጠችም።

ከዚያ ደጋፊዎቹ መሀል አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተከተለው። አንድ እግር ጣውላውን መታ፣ አሥር እግር መታ፣ መቶ እግር መታ። «ሠላሳ! ስምንት! ሺህ! ሠላሳ! ስምንት! ሺህ!» አዳራሹ ተናወጠ። ኮፍያውን ያወለቀው ሰውዬ መልሶ አጠለቀና ከሁሉም በላይ መጮህ ጀመረ።

ቴሮ ቆሞ ወደ ላይ፣ ወደ ጋዜጠኞቹ ወንበር ተመለከተ። ዱላውን አንስቶ በቀጥታ ወደ ኢርሜሊ ጠቆመ። ከዚያ ጀርባውን አቀና፣ እጥፉን ከሚያህለው ተከላካይ ጋር በትከሻው ተጋጭቶ ጎማዋን ነጠቀ፣ በሌሎች ሁለት ተከላካዮች መሀል ሾልኮ መታ፣ ሳተ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ ሰደበው። ቴሮ ቱርፔይነን ከሄልሜቱ ሥር ጥርሱ እስኪታይ እየሳቀ ሌላ ሊሞክር ተመለሰ።