የማይበራው ቀይ መብራት

ኤጭ! ዛሬም መጡ። ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ ያለችው የሬዲዮ መጠገኛዬ ውስጥ ተጎንብሼ ስበይድ ውዬ፣ ወገቤ አልቃና ብሎኝ ልዘጋ ስል እትዬ ጽጌማርያም ያንን ግንድ የሚያህል ሬዲዮ አዝለው በር ላይ ቆሙ።

«እትዬ፣ ይኼ ሬዲዮ ጤነኛ ነው ብዬዎታለሁ እኮ!»

«ቀዩ መብራት አይበራማ፣ ገብሬ።»

በመጡ ቁጥር ቀዩ መብራት ነው። ድምፁ ኩልል ይላል፣ ሞገዱን ሁሉ ይይዛል፣ እሳቸው ግን አይሰሙኝም። አንዴ ልገላገል ብዬ ካቻቢቴዬን አነሳሁና ጀርባውን ፈታሁት። አምፖሏን አውጥቼ በባትሪ ድንጋይ ስሞክራት ቦግ አለች። ሽቦዋም ደህና ነው።

«አዩ? አምፖሏ አልተቃጠለችም። እቺ የምትበራው ስቴሪዮ የሚባል፣ ለግራና ለቀኝ የተለያየ ድምፅ የሚልክ ጣቢያ ስትይዝ ነው። እንዲህ ያለ ጣቢያ ደግሞ አገራችን ውስጥ የለም። እስከ ምጽአት ቢጠብቁ አትበራም።»

እፎይ ይላሉ ስል ፊታቸው አመድ መሰለ። ዞረው መንገዱን አዩና በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ይገዙ ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ይገዙ አንድ ልጃቸው ነው። ፌርማታ ላይ እንደቆመ ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ወሰዱት። ሰሜን ዘምቶ፣ እዚያ ትልቅ ውጊያ ከሆነ ወዲህ ደብዳቤው ቀርቷል።

«የወዲያኞቹ ሬዲዮ የማረኳቸውን ልጆች ስም ያነባል አሉኝ። በአጭር ሞገድ።»

ደነገጥኩ። የአማፅያኑን ሬዲዮ እንኳን ማዳመጡ ስለሱ ማውራቱም ያሳስራል። «ታዲያ መብራቱ ምን አገባው?»

«ሬዲዮውን የሸጠልን ሰውዬ፣ ቀዩ ሲበራ ጣቢያው በትክክል ተያዘ ማለት ነው ብሎናል። እኔም ማታ ማታ አዞራለሁ። ካልበራ፣ ይኼ አይደለም ብዬ አልፋለሁ።»

ጀርባውን መልሼ ማሰር ጀመርኩ። ባልጠይቅ በወደድኩ፣ ግን ጠየቅኩ። «ሲያዞሩ ስም የሚጠራ ሰው ሰምተው ያውቃሉ?»

እትዬ ጽጌማርያም እጃቸውን የሬዲዮው ማዞሪያ ላይ አሳረፉ።

«አንድ አለ። ድምፁ ሄድ መጣ የሚል። ስሙን ከነአባቱ፣ ከነክፍለ ጦሩ ይዘረዝራል። የኛው ጣቢያ የተሸለሙትን የሚጠራ መስሎኝ…» እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። «ሁልጊዜ ነው የማልፈው፣ ገብሬ። ሁልጊዜ!»

ብሎኑ ከእጄ ሲወድቅ ጎንበስ ብዬ እንኳ አልፈለግኩትም።

«አንዴ ያነበቡትን ስም ይደግሙታል?» አሉኝ።

«እንጃ፣ እትዬ» አልኩ። አዎ ብዬ መዋሸት ፈልጌ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።