አምስተኛው ቀዳዳ

«ጋዙን ቀንሺው! ጋዙን!» ብሎ ጮኸ ዳኛቸው።

እናትነሽ አልቀነሰችም። ከጀልባዋ ጭራ ተቀምጣ የሞተሩን እጀታ እንደጨበጠች፣ እንዲያውም ትንሽ ጨመረችለት። ጀልባዋ አፍንጫዋን ሽቅብ አነሣች፤ ዐባይን በደረቷ መታችና ተመልሳ ተነሣች። ዳኛቸው ከፊተኛው መቀመጫ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ባርኔጣውን ውኃው ወሰደው። ሞተሩ ጆሮ እስኪበጥስ ይጮኻል፤ ጀልባዋ ግን የጩኸቱን ሩብ ያህል እንኳ አትሄድም።

«እንዳለች ልሞክራት ብዬ ነው ጋሼ» አለች በመጨረሻ ጋዙን ቀንሳ። «በሽታው ሳይታይ መድኃኒት አይታዘዝም። ተጎዱ እንዴ?»

«ሰው ልትገድይ ነው እንዴ!»

«ኧረ እግዜር አያድርገው» አለችና ጀልባዋን ወደ እስቴ ዳርቻ አዞረች። ሰውየው መቀመጫውን ሙጥኝ ብሎ ሲይዝ አይታለች። ደስ አላት።

ጀልባዋ አሮጌ ናት፤ ሞተሯም በዕድሜ እናትነሽን ያስከነዳል። ዳኛቸው ከባሕር ዳር ገዝቶ፣ መኪና እስከሚገባበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በሰው ሸክም ወደ ዐባይ ቆላ አወረዳት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእስቴ ወደ ጎጃም ሰው ያሻገረባት የእናትነሽ ባል ፈንታሁን ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ሞተሩን በበቅሎ አስጭኖ መካነ ኢየሱስ ቤቱ ያመጣና ሳሎኑ ውስጥ ይፈታዋል። እናትነሽ የወፍጮ ቤት ሞተር ስታስነሣ የኖረች ሴት ናት፤ ቁልፍ እያቀበለች፣ እየጠየቀች፣ ኋላም ራሷ እየፈታች እየገጠመች፣ የዚያን ሞተር ሆድ ዕቃ እንደ ጓዳዋ አወቀችው።

ባለፈው ግንቦት ፈንታሁን ሰው አሻግሮ ባዶ ጀልባ ይዞ ሲመለስ መሐል ወንዝ ላይ ተገለበጠ። ሬሳው የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። ሬሳው ሳይገኝ ግን ዳኛቸው እዳርቻው ላይ ቆሞ፣ «ጠጥቶ ነበር፤ አትንዳ ብለው እምቢ አለኝ» ብሎ ተናገረ። ወሬው ከሬሳው ቀድሞ መካነ ኢየሱስ ገባ። ፈንታሁን ጠላ እንኳ ቢቀዱለት ቀምሶ የሚመልስ ሰው ነበር። በአርባው ዳስ ውስጥ አንዱ፣ «እሱን የወሰደው ውኃ ሳይሆን አረቄ ነው» ሲል፣ ሰዎች ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እናትነሽ ያንን ሳቅ ስድስት ወር ተሸከመችው።

ጀልባዋ ከወንዙ ወጥታ ሞተሯ ቢነሣም ከዚያ ወዲህ አልታዘዝ አለች። ከደብረ ታቦር ሁለት መካኒኮች መጥተው ካንዴላ ለወጡ፣ ካርቡሬተር አጠቡ፣ ሞተሩ ደኅና ነው ብለው ሄዱ። ዳኛቸው ሲቸግረው እናትነሽ ዘንድ ሰው ላከ። መልእክተኛው ሰድባ ትመልሰኛለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን ወፍጮ ቤቱን ዘግታ ዕለቱን ተነሣች።

አሁን ዳርቻው ላይ ሞተሩን ገልብጣ ጭራውን ታየዋለች። ሞተሩ በተሰቀለበት ብረት ላይ አምስት ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። አንድ ወፍራም ፒን ከአንዱ ይገባል፤ የሞተሩ እግር ወደ ጀልባዋ የሚጠጋው ወይም የሚርቀው በዚያ ፒን ነው፤ ሲርቅ የጀልባዋ አፍንጫ ይነሣል፣ ሲጠጋ ይደፋል። ሦስተኛው ቀዳዳ በስድስት ዓመት አገልግሎት ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። ፒኑ ያለው ግን አምስተኛው ላይ ነው፤ ዙሪያው ገና አዲስ ጭረት አለበት። ጠዋት እንደደረሰች አይታው ነበር።

ውኃውን የሚቀዝፈውን ፕሮፔለር ፈታች። ሦስቱም ምላሶቹ በድንጋይ ተቆልምመዋል። ጠፍጣፋ አለት ላይ አስተኝታ በመዶሻ አቃናቻቸው፤ ጠርዛቸውን በሞረድ አለሰለሰች፤ ሦስቱ እኩል መሆናቸውን በሰንበሌጥ ስንጥር ለካች። ወደ ጎጃም የሚመለሱ ስድስት ገበያተኞች ከሾላው ጥላ ሥር ሆነው ያዩዋታል። የመካነ ኢየሱስ ደብር አለቃና የዳኛቸው የንስሐ አባት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልም አብረዋቸው ተቀምጠዋል።

ፕሮፔለሩን ገጥማ ፒኑን አንደኛው ቀዳዳ ላይ አደረገችው።

«ይግቡ፣ ጋሼ። ከፊት ክብደት ያስፈልገኛል።»

ዳኛቸው ሰው እያየው እምቢ ማለት አፈረና ገባ። በዚህኛው ጉዞ ጀልባዋ አፍንጫዋን ውኃ ውስጥ ቀበረች፤ ማዕበሉ እፊቱ ላይ እየተደፋ አጠመቀው። እንዲህ እንደሚሆን እናትነሽ አስቀድማ ታውቅ ነበር።

ተመልሰው ፒኑን ሦስተኛው ላይ አድርጋ ስትነዳት ጀልባዋ ውኃው ላይ ተኛች፤ ሞተሩ ጩኸቱን ትቶ ረጋ አለ፤ ዳርቻው ወደ ኋላ ይሮጥ ጀመር። «ይኸው ዳነች!» አለ ዳኛቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ።

መሐል ወንዝ ላይ ሞተሩን አጠፋችው።

ፀጥ አለ። ወንዙ ጀልባዋን ቀስ እያለ ቁልቁል ይወስዳት ጀመር። ዳኛቸው ዋና አይችልም። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ።

«ፒኑን አምስተኛው ላይ ያደረገ ማን ነው?» አለች እናትነሽ።

«እኔ ምን አውቃለሁ...»

«ማን ነው ያልኩህ፣ ዳኛቸው!»

«አንተ» ብላው አታውቅም። ቀና ብሎ አያት።

«እኔ ነኝ» አለ። «ፍጥነት ይጨምራል ብለውኝ ነው።»

«ፈንታሁንስ ምን አለህ?»

«ባዶዋን ስትሆን ትገለብጠኛለች አለ። ፈሪ ብዬ ሳቅሁበት። ካልነዳህ ሌላ ሰው አለ አልኩት።»

«ጠጥቶ ነበር?»

ዳኛቸው የሚሄደውን ውኃ አየ። «ጠብታ አልቀመሰም» አለ። «እናትነሽ፣ በማርያም፣ አስነሺው።»

በአንድ ግፊት ወንዝ ውስጥ ልትከተው ትችል ነበር። ክንዷ ያንን ፈልጎ ሲወጠር ተሰማት። ገመዱን ሳበችና ሞተሩን አስነሣች።

ዳርቻው ሲደርሱ መሪጌታ ተነሥተው ቀረቡ። «ምን ሆና ኖሯል?» ሲሉ ጠየቁ።

እናትነሽ ዳኛቸውን አየችው። እሱም መሬት ረግጧልና ድምፁ ተመልሷል። «እርጅና ነው፣ የኔታ። ሟቹም ነፍሱን ይማረውና፣ ሲጠጣ አያያዟን አያውቅበትም ነበር።»

እናትነሽ ወደ ጀልባዋ ተመለሰች። ስድስቱን ገበያተኞች አስገብታ ጎጃም አደረሰቻቸው፤ የአንዲት ነፍሰ ጡር ጆንያ ራሷ አወረደችላት። ባዶ ጀልባ ይዛ፣ ባሏ በሞተበት ላይ አልፋ ተመለሰች። ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም።

ከዚያ ቁልፏን አውጥታ ፕሮፔለሩን ፈታችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ዳኛቸው።

«ወደ ቤቴ እየወሰድኩት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መካነ ኢየሱስ ደጀ ሰላም ና። ለእኔ መሐል ወንዝ ላይ የነገርከኝን ለምእመኑ ንገርና ትወስደዋለህ።»

«ይሄ እኮ ሌብነት ነው! እከስሻለሁ!»

«ክሰሰኝ። ለምን ወሰድሽ ሲለኝ ለዳኛው እነግረዋለሁ።»

መሪጌታ ነገሩ ገባቸው። ዳኛቸውን ትክ ብለው አዩትና ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ በቀል የእግዚአብሔር ናት።»

«አውቃለሁ፣ የኔታ። እሱ በሰማይ ይፍረድ። የፈንታሁን ስም የቆሸሸው ግን እዚህ ምድር ላይ ነው።»

ዳኛቸው እየሮጠ መጥቶ መንገዷ ላይ ቆመ። «እሺ፣ ለየኔታ ልናገር። አሁኑኑ፣ እዚሁ። ለንስሐ አባት ከተነገረ አይበቃም?»

እናትነሽ ቆመች። ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም፤ ደክሟታል። መሪጌታም ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው መልሷን ጠበቁ። እሺ ብትል ዛሬውኑ ያልቃል።

«ለንስሐህ ከሆነ ተናገር፣ እኔ አልከለክልህም» አለችው። «ለእኔ ግን የምትናገረው የሳቁት ሰዎች ባሉበት ነው።»

ዳገቱ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ፕሮፔለሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ አሠረችና መውጣት ጀመረች።