ወባ ያልሆነ ብርድ

የጤና ኤክስቴንሽኗ ዓይሻ የሙሀሲንን ጣት ወግታ ደሙን መመርመሪያዋ ላይ ጠብ አደረገች። እናቱ ሙሚና ከአልጋው ግርጌ ቁጭ ብላ አላርፍ ያለ እግሩን ታሻለች። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን አግሎታል፤ እሱ ግን ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦም ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"ወባ የለበትም፣ እትዬ ሙሚና" አለች ዓይሻ።

"ድሮስ ያቺ ዕቃሽ መቼ እውነት ትናገራለች? ይኸው ልጄ አራት ቀኑ! ያዛጋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ሆዱ አልቆም ብሎታል። ቆላ ተወልጄ ቆላ አርጅቼ ወባ ይጠፋኛል?"

ዓይሻ ፈገግ አለችና "ካልተሻለው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት" ብላ ወጣች። ሙሀሲን ዓይኑን ጨፈነ። ወባ እንዳልሆነማ ከእሷ ቀድሞ ያውቃል።

ማሾ ጭኖ የሚነዳው አይሱዙ ጣርማ በር ላይ ተገልብጦ እግሩ ሲሰበር ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘለት። እግሩ ዳነ፤ ኪኒኑ ግን አልለቅ አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእናቱ ተደብቆ ዋጠ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያገኘው ሐኪም ከሱሱ የሚያወጣ ሌላ መድኃኒት ጀመረለትና "ቀስ በቀስ እኔ እቀንስልሃለሁ፤ አደራ፣ በራስህ እንዳታቆም" አለው። ደህና ሰው ሆኖ ሳለ አንድ የሥራ ባልደረባው "አንዱን ኪኒን ጥለህ ሌላውን ያዝክ፤ ይኼም መዳን ሆኖ!" ብሎ ሳቀበት። ሙሀሲን ደግሞ ነገር አያሳልፍም። የቀረውን መድኃኒት እንዳለ ሽንት ቤት ጨመረው፤ በማግስቱ ይህ ብርድ ጀመረው። እልህ መቼም ሐኪም ሆኖ አያውቅም።

"እማዬ፣ ትንሽ ጋደም በይ" አላት።

"አንተ ሳትተኛ እኔ ምን እንቅልፍ አለኝ?" ሙሚና ሻሿን አጠበቀችና ተነሳች። "የሚያሽርህ መድኃኒት ካለ ስሙን ብቻ ንገረኝ። ወላሂ፣ አጣዬም ቢሆን ሄጄ አመጣልሃለሁ።"

ልቡ ዘለለች። አጣዬ ድረስ ምን አስኬዳት! የትራማዶልን ስም ብትጠራለት የሚሸጥላት ሰው መናኸሪያው አጠገብ አለ። አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ ይህ ሁሉ ስቃይ ከመግሪብ በፊት ያበቃል። እናቱ ራሷ መሐረቧ ጫፍ ላይ ቋጥራ ታመጣለታለች፤ ራሱን ደግፋ፣ "ቢስሚላህ በል" ብላ፣ በገዛ እጇ ታስውጠዋለች።

ይህ ሲታየው ከአጥንቱ ቁርጥማት ይልቅ አንገበገበው።

"እማዬ፣ ቁጭ በይ" አለ። "ወባ አይደለም።"

ሁሉንም ነገራት። እየነገራት አለቀሰ። ሙሚና ተመልሳ ግርጌው ተቀመጠችና እግሩን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻህን?"

"አፈርኩ፣ እማዬ።"

"እኔን? አዝዬ ያሳደግሁህን?" እግሩን ማሸቷን ቀጠለች። "በል፣ ለዚያ ሐኪም ደውልለት። ይቆጣህ፤ ቁጣ አይገድልም።"

ሙሀሲን ስልኩን አነሳ። ከሐኪሙ ጋር የሚያወራው ሁልጊዜ ጓሮ ወጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ዛሬ ስልኩ መጥራት ሲጀምር ስፒከሩን ከፈተና በእሱና በእናቱ መካከል ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠው።