ወንድሟ እንዳስተረጎመው

«እኮ ለሞንጂያ ማን ነው ያስተረጎመላት?» ሲሃም አንደኛውን ምርኩዟን ከወለሉ ጋር አጋጨችው።

«ወንድሟ ነዋ! ማን ይሁን?» አሉ ዶክተር ራውዳ ከንግግር ወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «የምልክት ቋንቋ የሚችል ከየት እናምጣ?»

«እኔ የት ሄጄ ነው? እናቴ መስማት የተሳናት እንደሆነች ቢሮው ሁሉ ያውቃል።»

«አንቺንማ፣ ምስኪን፣ በየሰፈሩ እንዳናንከራትትሽ አዝነን ነው።»

ምስኪን! ይቺን ቃል ስትሰማ ደሟ ይፈላል። የስፋቅስ ከተማ ባለታክሲ ምስኪን ይላታል፣ ዳቦ ሻጩ ምስኪን ይላታል፤ ስለ ሴቶች መብት ሲያስተምሩ ያረጁት አለቃዋም ያው ናቸው። ወይ ማዘን! እንዲህ ያለው ማዘን ገደል ይግባ።

ቤታቸው ውስጥ ስለሚደበደቡ ሴቶች መሥሪያ ቤቱ ዓመታት የደከመበት ጥናት ዛሬ ሊመረቅ ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። ከተጠየቁት ሴቶች አንዷ መስማት የተሳናት ልብስ ሰፊዋ ሞንጂያ ናት። «ደህና ነኝ፤ ወንድሜ እንደ ዓይኑ ብሌን ያየኛል» ብላለች ይላል ጥናቱ፣ ወንድሟ ላዝሃር እንዳስተረጎመው። ትናንት ሲሃም ራሷ ሄዳ ብትጠይቃት ግን ሞንጂያ በሩን ዘጋችና የእጇን አንጓ አሳየቻት። ገመድ የበላው ጠባሳ ነው። ላዝሃር በተናደደ ቁጥር ያስራታል። በእጇ የምትናገርን ሴት እጇን ማሰር አፏን መጠርቀም አይደለም እንዴ! ይኸው ሰውዬ ዛሬም ከረባቱን አሳምሮ፣ ሊያስተረጉምላት መድረኩ ላይ ከጎኗ ተሰይሟል።

«ከዚያ ወንበር ይነሳ!» አለች ሲሃም።

«የኔ ልጅ፣ እንግዳው ገብቶ አልቋል። የአካል ጉዳተኞችን ነገር ሌላ ጊዜ ለብቻው እናጠናዋለን። ይኼኛው የሴቶች ነው።»

«ሞንጂያ ታዲያ ምንድን ናት? ሲመታት ‹ይቺ ለሴትነትሽ፣ ይቺ ደግሞ ለጆሮሽ› እያለ ነው እንዴ የሚያካፍላት?»

«ድምፅሽን ቀንሺ!» ብለዋት ዶክተሯ ወደ መድረኩ ወጡ።

ሲሃም ተከተለቻቸው። የመድረኩ ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚያዝ ነገር የለውም። ሁለት አስተናጋጆች ሮጠው መጡ።

«እንሸከምሽ፣ እህታችን።»

«ንክች እንዳታደርጉኝ!»

ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ፊት ተንፏቅቃ አታውቅም። ይኼን ፈርታ ከስንት ሠርግ ቀርታለች። አሁን ግን ምርኩዞቿን መድረኩ ላይ ወረወረቻቸው፤ ለደረጃው ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠችና አዲስ ቀሚሷ አቧራውን እየጠረገ በቂጧ ሽቅብ ተንፏቀቀች። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ያነሳታል። ያንሳ!

ላይ ደርሳ በምርኩዞቿ ቆመች። «ተነስ» አለችው ላዝሃርን።

«ወንድሟ እኮ ነኝ!»

«እሱን እሷ ትንገረን።»

ላዝሃር ዶክተሯን አየ። ዶክተሯ የሕዝቡን ዓይን አዩ፤ የሲሃምን ቀሚስ አዩ፤ አንገታቸውን ደፉ። ሰውዬው ጥርሱን እያፋጨ ወረደና ፊት መስመር ላይ ተቀመጠ።

ሲሃም ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ በእጇ ጠየቀች። «መናገር ትፈልጊያለሽ? ካልፈለግሽ አብረን እንወርዳለን።»

ሞንጂያም በእጇ መለሰች። «ማታ የት አድራለሁ?»

«እኔ ቤት።»

ሞንጂያ ወንድሟን አየችው። ከዚያ ሁለቱንም እጅጌዎቿን እስከ ክርኗ ሰበሰበች፤ ሲሃም ልታስተረጉምላት ማይኩን ወደ ራሷ አፍ አስጠጋች።