ከበሩ ወዲያ

"ዝጋው!" የሚል ጩኸት ከማሸጊያው ክፍል ሲመጣ የቀለም ፋብሪካው ፎርማን እጅ ቀድሞ የብረት በሩ መቀርቀሪያ ላይ አርፎ ነበር። ከበሩ ወዲያ፣ ቀለም መቀመሚያው ውስጥ፣ የቀለም ማቅጠኛ ቲነር በርሜል ተቀጣጥሏል። እሳቱ በሩን ካለፈ፣ ማሸጊያው ውስጥ ያለው ያ ሁሉ ሠራተኛ የሚወጣው በአንዲት ጠባብ ደረጃ ነው። በጭሱ መሃል ቀለም ቀማሚው ሲሮጥ አየው። ሩቅ ነበር፤ ልጠብቀው ቢል እሳቱ ይቀድማል።

ዘጋው። በሩ ከወዲያ በኩል ተመታ፤ ደግሞ ተመታ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ማሸጊያው ክፍል የነበሩት በሙሉ በዚያ ምሽት ወደየቤታቸው ገቡ። የማሸጊያው ሴቶች ፎርማኑን ባገኙት ቁጥር ይመርቁታል። ሥራ አስኪያጁም ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ "የአንድ ሰው ሞት መራራ ነው፤ የብዙ ሰው ሞት ግን ይብሳል። ይህ ሰው ልክ አድርጓል" አለ።

ፎርማኑም ልክ እንደሆነ ያውቃል። ሐሳቡን ቢያወጣው ቢያወርደው ያው ነው። የጨነቀውም ይኸው ነበር፤ ያጠፋ ሰው ንስሐ ይገባል፣ ልክ የሠራ ሰው ግን ምን ብሎ ይናዘዛል? በር ሲንኳኳ ዘሎ ይነሳል። ቤቱ ውስጥ አንድም በር እንዲዘጋ አይፈልግም።

"አንተ ሰውዬ፣ ንፋስ ልታስመታን ነው እንዴ?" ትለዋለች ሚስቱ፤ ትስቅና ፊቱን አይታ ሳቋን ትውጠዋለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቀለም ቀማሚው እናት መጡ። ክፍቱ በር ላይ ቆመው "ቤቶች!" አሉ። ሚስቱ ደንግጣ ወንበር አቀረበችላቸው።

"ልወቅስህ አልመጣሁም" አሉት። "ፋብሪካው ታናሽ እህቱን በሱ ቦታ እንቅጠራት ብሏል። ከሱ ሌላ ጧሪ አልነበረንም። ምን ትላለህ?"

"ጥሩ ነው፣ እማማ።"

"በሩን የምትይዘው አሁንም አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እሳት ቢነሳና ልጄ ከበሩ ወዲያ ብትሆንስ?"

"ኧረ ክፉ አያናግርዎ!" አለች ሚስቱ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ከሱ ላይ አልነቀሉም።

አንድ ቃል ቢዋሽ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ እሱም ይገላገላል። ማንንም አይጎዳም። ምላሱ ግን እምቢ አለው።

"እዘጋዋለሁ" አለ።

እናትየው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"የኔ ልጅ አንተ ዘንድ ስንት ነበር?"

"አንድ ነበር፣ እማማ። እንደማንኛውም ሰው አንድ።"

"እኔ ዘንድ ያለኝ ሁሉ ነበር።" ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። "አንተስ? ራስህን ስትቆጥር አንድ ነህ?"

እስከ መንገዱ ሸኛቸው።

ሰኞ ጠዋት ፎርማኑ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ።

"ልጅቷን ማሸጊያ ይመድቧት። ቀለሙን እኔ እቀምማለሁ።"

"አብደሃል? እንዳንተ የሚጨክን ሰው ከየት ላምጣ? በሩን ማን ይይዛል?"

"ሰው አሠለጥናለሁ።"

የማሸጊያዋን ተቆጣጣሪ መረጠ፤ በቀልዷ የምትታወቅ፣ በዚያን ቀን በደረጃው ከወረዱት አንዷ። መቀርቀሪያውን አስያዛት።

"መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ራስሽ።"

"አለቃ፣ ክብደቱ እኮ ከባሌ ይብሳል!" አለች እየሳቀች። ከዚያ እሱ ከእንግዲህ የሚሠራበትን ቦታ ከበሩ ወዲያ አየችና ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። "አንተ እዚያ ሆነህ ብታንኳኳስ?"

"ሰምተሽ እንዳልሰማሽ ትሆኛለሽ።"

"አልችልም!"

"እኔም የምችል አይመስለኝም ነበር" አላት። "በይ እስኪ ዝጊው፤ እንለማመድ።"

አልፏት ወደ ውስጥ ገባና ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆመ።