መቀመጥ ያቃተው ጡረተኛ

ሮብሌ ጅቡቲ ወደብ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅስ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሞጣ የሚስቱ የዘሚራ አገር እንጂ የእሱ አይደለም። ጉልበቱ የክሬኑን መሰላል አልወጣም ሲለው፣ "የኛ አገር ነፋሻ ነው፤ ሙቀት የለ፣ ጫጫታ የለ፤ እዚያ ሄደን እንረፍ" አለችው። እሱም እሺ ብሎ ተከተላት።

አማርኛ የተማረው ከኢትዮጵያ ሹፌሮች ጋር ሲጨቃጨቅ ስለሆነ አፉ ፈጣን ነው። ሞጣ ውስጥ ግን ፈጣን አፍ የሚፈልግ ሰው አላገኘም። ልብስ ሰፊው "ነገ ይደርሳል" ይለዋል፤ በማግስቱ ሲሄድ ደግሞ "ምነው ተቻኮሉ?" ይለዋል። ሰላምታው ራሱ ማለቂያ የለውም። ሮብሌ እጁን ጨብጦ ሊያልፍ ሲል ሰውየው ገና የከብቱንና የዝናቡን ነገር መጠየቅ ይጀምራል። በወደቡ ልማድ ከጎህ በፊት ይነቃል፤ ከነቃ በኋላ ግን የሚሄድበት የለውም። ግቢውን ይዞራል፤ በሩን ከፍቶ መንገዱን ያያል፤ ይዘጋል፤ ደግሞ ይከፍታል።

የዘሚራ ወንድም ሙሐመድሁሴን ገበያው ዳር የሸቀጥ ሱቅ አለው። ሮብሌ እዚያ መዋል ጀመረ። አንድ ቀን ሙሐመድሁሴን መስጊድ ሰግዶ ሲመለስ የስኳሩ ጆንያ ሁሉ ወደ ኋላ ሄዷል፤ የሳሙናው ካርቶን ጣሪያ ሊነካ ደርሷል። ደንበኞች ጨው ፈልገው ቆመዋል፤ ጨው የት እንደገባ የሚያውቀው ግን ሮብሌ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣" አለው ሙሐመድሁሴን ሳቁን እየዋጠ፣ "ሱቁ እኮ መርከብ አይደለም፤ የትም አይሄድብንም። እባክዎ አረፍ ይበሉ።"

ሮብሌ ከሱቁ ወጣ። አረፍ በል ሲሉት አንድ ነገር ደረቱን ይዞ የሚጨምቀው ይመስለዋል። ሳያስበው እግሩ መናኸሪያ አደረሰው። የቢቸና ሚኒባስ ሊወጣ ነበር፤ ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ይጣራል። ሮብሌ ያ አንድ ሰው ሆኖ ገባ። መኪናው ተንቀሳቅሶ ንፋሱ በመስኮት ሲገባ ደረቱ ለቀቀው። ቢቸና ሲደርስ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ መናኸሪያው አጠገብ ፋንታነሽ የምትባል ሴት ሻይ ቤት ገብቶ አንድ ሻይ ጠጣና በመጣበት መኪና ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ልማድ አደረገው። ሹፌሩ ምንይሉ የፊት ወንበር ይይዝለታል። ለዘሚራ ግን "ከመስጊድ ሰዎች ጋር ዋልኩ" ይላታል። አገርሽ አላስቀምጥ አለኝ ብሎ መናገር ከበደው። ደግሞም ዘሚራ ከመጡ ወዲህ ዝም ብላለች፤ እሱ እፎይ ያለች መስሎታል።

አንድ ቀን ቢቸና እንደደረሰ መንገድ ተዘጋ ተባለ። ምንይሉ መኪናውን አቆመ። መቼ ይከፈታል ሲሉት ትከሻውን ሰበቀ። ሮብሌ መናኸሪያውን ሲዞር ቆየና ማምለጫ ሲያጣ ደወለ።

"የት ነህ?" አለች ዘሚራ።

"ቢቸና።"

"ቢቸና ምን ትሠራለህ?"

"ሻይ እጠጣለሁ።"

"ሞጣ ሻይ የለም?"

መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው። አልጋ ተከራይቶ አደረ፤ ማደር ከተባለ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ከበር እስከ መስኮት ሲመላለስ ነጋ።

መንገዱ ሲከፈት ሊመለስ መናኸሪያ ወረደ። ከሞጣ የመጣው የመጀመሪያ ሚኒባስ ሲቆም ዘሚራ ቦርሳ አንጠልጥላ ወረደች።

"ሴትዮዋን አሳየኝ" አለች ሰላምታም ሳትሰጠው።

"የቷን ሴትዮ?"

"ሰው ነግሮኛል። ሻይ ቤት ያላት።"

ወደ ፋንታነሽ ወሰዳት። ፋንታነሽ ሁለት ሻይ አቀረበችና ዘሚራን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"እርስዎ ነዎት ባለቤታቸው? እኔማ ዘመድ የጠፋባቸው መስሎኝ ነበር። እዚህ መምጣት ከጀመሩ አንዴም ወንበሩ ላይ ተደላድለው አያውቁም። ቆመው ይጠጣሉ፣ መኪና መጣ ወይ ይላሉ፣ ይሄዳሉ።"

ዘሚራ ልትቆጣ የመጣች ሴት ነበረች፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

"እኔም አልቻልኩም" አለች።

"ምኑን?"

"ሞጣን። ሴቶቹ ሲያወሩ የሚያነሱትን ሰው አላውቀውም፤ የማውቃቸው ሞተዋል። ወንድሜ እንደ እንግዳ ያስቀምጠኛል፤ ማሰሮ እንኳ አያስነካኝም። አንተን ከአገርህ ነቅዬ አምጥቼ እንዴት ብዬ ልንገርህ?"

ሮብሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። "እኔ እኮ ደስ ያለሽ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት" አለ።

"ዛሬ መኪናው ሲነሳ ብቻ ነው ደስ ያለኝ" አለችው፤ "ተናድጄ እንኳ ደስ አለኝ።"

ያን ቀን ወደ ሞጣ አልተመለሱም። ደጀን በሚሄደው መኪና ተሳፈሩ። ደጀን ከባድ መኪናዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭነው የመጡም ነበሩ። አንዱ ሹፌር ሮብሌን አውቆት፣ ወደብ ላይ ወረፋ ያስጠበቅከኝ አንተ አይደለህም እንዴ ብሎ ጮኸበት። ሮብሌም መለሰለት። ከልቡ ተጨቃጨቁና ምሳ አብረው በሉ። ዘሚራ ባሏ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ቆይቷል።

አሁን ዘሚራ ልጃቸው ነጅዋ ከጅቡቲ የምትልክላትን ሰፋፊ ቀሚስ ትሸጣለች፤ በገበያ ቀን ሞጣ፣ በሌላው ቀን ቢቸና። ሮብሌ ጥቅሉን ይሸከማል፤ መኪናው እስኪሞላ እየዞረ ከረዳቱ ጋር ይነታረካል። መንገድ ሲዘጋ ግን ሁለቱም ክፉኛ ይጨነቃሉ፤ በትንሽ ትልቁ ይጣላሉ። በቀደም እንዲህ ባለ ቀን ነጅዋ ደውላ፣ "አባዬ፣ አገሩን ለመድክ?" አለችው። ሮብሌ ስልኩን ለዘሚራ ሰጣት። ዘሚራ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን እያየች ነበር።

"ገና ነን፣ ልጄ" አለቻት።