የኮስታራው መደዳ

ልብስ ሰፊዋ ወደዚያ ቤት በምራትነት በገባች በሳምንቱ አማቷ የወይን እርሻውን አስጎበኟት። ሽማግሌው እያንዳንዱን መደዳ እንደ ልጅ እያሞገሱ አለፉ፤ አጥሩ ሥር ያሉት ሦስት መደዳዎች ጋ ሲደርሱ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

«ይኼስ ምንድን ነው፣ አባባ?»

«ኮስታራ ነው። እሱን ተዪው።»

«ለምን ኮስታራ ተባለ?»

«ቅመሺውና ፊትሽን በመስታወት እዪው።»

ቀመሰችው። መንጋጋዋ ተቆለፈ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባሏ ሆዱን ይዞ ሳቀባት። ነጭ ወይን ይባል እንጂ ፍሬው እንደ አተር አረንጓዴ፣ ቆዳውም ወፍራም ነው። አማቷ ለቀማው እንዳለፈ ነቅለው፣ ገበያው የሚወደውን፣ ስሙን ሁሉም የሚያውቀውን ዝርያ ሊተክሉበት ቆርጠዋል።

እሷ ግን ጠዋት ጠዋት አንዳንድ ፍሬ መቅመሷን አልተወችም። ሌላው ወይን ጣፍጦ ሲደርስ ኮስታራው ገና መለስለስ መጀመሩ ነበር። ያኔ ነገሩ ገባት። ለቃሚዎቹ የሚመጡት አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ቤት ኮስታራን በስሎ የቀመሰው ሰው የለም። ጥሬውን ለቅመው፣ ጎምዛዛ ነው ብለው ስሙን ያጠፉታል።

በለቀማው ቀን ሰዎቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ሲያቀኑ መደዳው አፍ ላይ ቆመች።

«ይኼ አይለቀምም።»

አማቷ መቀሳቸውን እንደያዙ መጡ። «ምን አልሽ?»

«አልደረሰም፣ አባባ። ይቆይ።»

«በእኔ እርሻ የምታዢው አንቺ ነሽ?»

«ምራትዎ ነኝ እንጂ እንግዳ አይደለሁም። እጄን አጣጥፌ እንዳይ ነው ያመጣችሁኝ?»

ባሏ ክንዷን ያዝ አድርጎ፣ «ኧረ ባክሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጂን» አላት በሹክሹክታ።

«አንተ ከቻልክ አብረኸኝ ቁም፤ ካልቻልክ ዘወር በል።»

ከለቃሚዎቹ አንዷ ፍርስ ብላ ሳቀች። ሽማግሌው ሳቁን ሲሰሙ ባሰባቸው። «ይቆይ! ከበሰበሰ ግን በገዛ እጅሽ ነው የምትነቅዪው፤ አንዲት ሥር ሳታስቀሪ።»

«እሺ። ካልበሰበሰስ?»

«ካልበሰበሰ ማንም አይነካውም!» አሉና ጥለዋት ሄዱ።

ወፎች መጡ፤ ያረጁ መጋረጃዎች ገጣጥማ ሰፍታ አለበሰችው። ጎረቤቱ ሁሉ «የልብስ ሰፊዋ ሙሽሮች» እያለ አላገጠባት። ዝናብ መጣ፤ ቅጠሉን እየቀነሰች ዘለላዎቹን ነፋስ አስመታች። ጥቂቱ ሻገተ። የቀረውን ግን ያ ወፍራም ቆዳው አላሳፈረውም፤ ቀስ እያለ ቢጫ፣ ከዚያም የማር መልክ ያዘ። አንድ ጠዋት ስትቀምሰው ጎምዛዛነቱ ሳይጠፋ ከሥሩ ሌላ ጣዕም መጥቷል፤ የሎሚ ልጣጭ፣ የደረቀ ሣር፣ መጨረሻው ላይ ደስ የሚል ምሬት። ብቻዋን መልቀም ስትጀምር ባሏ ቅርጫት ይዞ ከጎኗ ቆመ።

ጭማቂውን ለብቻው በበርሜል ጠመቀችው። ወይን ነጋዴው በመጣ ጊዜ አስቀመሰችው። አንዴ ጎንጨት አለና ቅንድቡን ሰበሰበ።

«እንግዳ ነገር ነው። ስሙንስ ማን ያውቀዋል? ከጣፋጩ ጋር ቀላቅሉትና እወስደዋለሁ።»

«በቃ ይቀላቀላ!» አሉ አማቷ፣ መገላገያ ያገኙ መስሏቸው።

«አይቀላቀልም» አለች። «ስሙን የማያውቁ ጠጥተው ይወቁት። ጠርሙሱ ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ።»

«እንግዲያው ራስሽ ሽጪው» ብሎ ነጋዴው ባርኔጣውን አነሣ።

ራሷ ሸጠችው። ግማሹ ገዢ አፉን አጣሞ ጠርሙሱን መለሰላት። አንዲት ምግብ ቤት ያላት ሴት ግን «ይኼ ለዓሣ የተፈጠረ ነው» ብላ በየጊዜው ታስመጣ ጀመር። ሀብት አላመጣም። አማቷም እልኸኛ ናቸው፤ እስካሁን አንዲት ብርጭቆ አልቀመሱም። ቢሆንም ቃል የእምነት ዕዳ ነውና፣ ሊነቅል መቆፈሪያውን ይዞ የመጣውን ሰው ራሳቸው ከበር መለሱት።

በመግረዣው ወራት ልብስ ሰፊዋ ከኮስታራው ቅርንጫፍ ቆርጣ አራተኛ መደዳ መትከል ጀመረች። ሽማግሌው ከበረንዳ አይተዋት እየተጣደፉ መጡ።

«ይኼን ደግሞ ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም» አለች፣ አፈሩን በተረከዟ እየጠቀጠቀች። «ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ አባባ፤ የሚቀጥለው እርስዎ የቆሙበት ላይ ነው።»